ሜይንፍሬም ካፒታልና ስሞል ይለያል?

ጥያቄ፦ ከሊኑክስ ወደ ዜድ/ኦኤስ (የአይቢኤም ሜይንፍሬም ኦፕሬቲንግ ሲስተም) የመጣሁ ጀማሪ ነኝ። ቲኤስኦ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት ክፍል) ላይ ትዕዛዝ በካፒታልም በስሞልም ብጽፍ ይቀበለኛል። ጄሲኤል (ጆብ የሚታዘዝበት ቋንቋ) ውስጥ በዩኒክስ በኩል ያለ ፋይል ስጠራ ግን ጆቡ ይወድቃል። ፋይሉ እዚያው አለ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እዚያ ማሽን ላይ ሁለት ዓይነት አሠራር ጎን ለጎን አለ። ዳታሴት (የሜይንፍሬሙ የራሱ ፋይል) ስሙ በካፒታል ነው፦ በነጥብ የሚለያዩት ክፍሎች እያንዳንዳቸው እስከ 8፣ ድምሩ ነጥቦቹን ጨምሮ እስከ 44 ፊደል። ቲኤስኦ የዳታሴቱን ስም ከመፈለጉ በፊት ወደ ካፒታል ስለሚለውጠው በስሞል ቢጽፉም ያገኝልዎታል። በዩኒክስ ሰርቪስስ በኩል ያለው የፋይል ሲስተም፣ ዜድኤፍኤስ፣ ግን እንደለመዱት ሊኑክስ ነው፤ ስሙን እንደተጻፈ ይወስደዋል።

ጆብ ሎጉ ውስጥ «አይጂዲ17501አይ» የሚል መልእክት ይፈልጉ። ሪተርን ኮዱ 81 ከሆነ በዚያ ስም የተገኘ ፋይል የለም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ጄሲኤሉን የሚጽፉበት የአይኤስፒኤፍ ኤዲተር ነው። የከፈቱት ሜምበር (በዳታሴት ውስጥ ያለ አንድ ጽሑፍ) ሙሉ በሙሉ በካፒታል የተጻፈ ከሆነ፣ ጄሲኤል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው፣ ኤዲተሩ ሳይጠይቅዎ ካፕስ ኦን (የሚጽፉትን ወደ ካፒታል የሚለውጥ ሁነታ) ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የነኩት መስመር፣ ፓዙ (የፋይሉ አድራሻ) በጥቅስ ምልክት ውስጥ ቢሆንም እንኳ፣ ኢንተር ሲጫኑ ካፒታል ይሆናል። ቶሎ ቶሎ ለሚጽፍ ሰው ዓይን አይገባም።

ስለዚህ ሜምበሩን እንደከፈቱ ኮማንድ መስመሩ ላይ «ካፕስ ኦፍ» ይበሉ፣ ፓዙን እንደገና ይጻፉት፣ ኢንተር ከተጫኑ በኋላ መስመሩን መልሰው ይዩት። በየጊዜው እየተመለሰ ካስቸገረዎት «ካፕስ ኦፍ» የሚል ኢኒሻል ማክሮ (ሜምበር ሲከፈት ራሱ የሚሠራ ትዕዛዝ) ያዘጋጁ፤ «ፕሮፋይል ሎክ» ብቻውን አይበቃም፣ ፕሮፋይሉ ቢቆለፍም ኤዲተሩ ካፕሱን እንደ ሜምበሩ ይዘት ይቀያይራል።

በነገራችን ላይ፣ ወደ ካፒታል መለወጥ ለዚህ ማሽን እጅግ ቀላል ሥራ ነው። በኢቢሲዲክ (ሜይንፍሬሙ ፊደሎችን በቁጥር የሚወክልበት ኮድ) ስሞሏ «ኤ» 129፣ ካፒታሏ 193 ናት፤ ልዩነቱ 64 ነው፤ ባዶ ቦታም ቁጥሩ 64 ነው። የአሴምብለር ሰዎች የፊደል መስክን ከባዶ ቦታ ጋር «ኦር» አድርገው በአንድ ትዕዛዝ ካፒታል የሚያደርጉት በዚህ ነው።

ካፕስ ኦፍ ላይ እያሉ የጄሲኤሉን ቃላት በስሞል እንዳይጽፉ ብቻ ይጠንቀቁ። «ዲዲ» ወይም «ኤግዜክ» በስሞል ከገባ «አይኢኤፍ605አይ» የሚል የስህተት መልእክት ይመጣብዎታል። ያመለጠዎትን መስመር በመስመር ቁጥሩ ላይ «ዩሲ» ጽፈው ካፒታል ማድረግ ይችላሉ፤ ፓዙ ያለበትን መስመር ግን በዩሲ አይንኩት።