ከቀዩ ጣሪያ ጀርባ ያለችው ታሊን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። መስከረም ላይ ለ3 ሳምንት ሥልጠና ኢስቶኒያ፣ ታሊን ልሄድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ነጻ ነኝ። ኢንተርኔት ላይ የማየው ሁሉ ያንኑ አሮጌ ከተማና ያንኑ ቀይ ጣሪያ ነው። እርስዎ በተማሪነትዎ ዘመን እዚያ እንደነበሩ ሰምቻለሁ። ቱሪስት የማይተራመስበት ምን ልይ? ሄልሲንኪም ቅርብ ናት ይሉኛል፤ በዚያው ልድረስ?
ሰ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። የተማርኩት ሌኒንግራድ፣ በዛሬው ስሟ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። ታሊን የምንሄደው ማታ ባቡር ተሳፍረን ነበር፤ ቡናዋ ይሻላል ተብሎ። እውነትም ይሻል ነበር። ካቻምና ደግሞ ልጄን ልጠይቅ ሄጄ 2 ሳምንት ተቀምጫለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ የጡረተኛ ትዝታ ብቻ አይደለም። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።

ለአሮጌው ከተማ ግማሽ ቀን ስጪው። ከ1997 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ያምራል። አሁን ቡናው ውድ ነው። አለቀ።

ቆይ፣ አላለቀም። ቱምፔያ የሚሉት ኮረብታ ላይ ወጥተሽ ሰው ሁሉ ጣሪያ ፎቶ ሲያነሳ፣ አንቺ አብራም ሃኒባልን አስቢ። ሳር ቤት በኩል ስታልፊ ፑሽኪን አደባባይን ታውቂዋለሽ። ሃኒባል የዚያ ባለቅኔ ቅድመ አያት ነው። በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ለሩሲያው ንጉሥ ለታላቁ ጴጥሮስ የተሰጠ፣ ኋላም ፈረንሳይ ሄዶ ምህንድስና የተማረ ሰው። ታሊን ሬቫል በምትባልበት ዘመን፣ ከ1742 እስከ 1752 ድረስ የከተማዋ አዛዥ እሱ ነበር። የፑሽኪን እናት አባት፣ ኦሲፕ፣ የተወለደውም በዚያው ጊዜ እዚያው ነው። የኛ ሰው ነው፣ የለም የካሜሩን ነው እያሉ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። ግንቡ ሥር ስቆም ግን ደረቴ ነፋ ማለቱን አልክድም።

አሁን ወደ ዋናው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካላማያ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ “የዓሣ ቤት” ማለት ነው፤ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበርና። ቤቶቹ የእንጨት ናቸው። ሰናፍጭ ቀለም፣ ደብዛዛ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ቀለሙ ተልጦ ግራጫ የሆነ። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ ግራና ቀኛቸው እንጨት ሆኖ መሃላቸው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ደረጃው ነው። እሳት ቢነሳ ሰው በዚያ በኩል ይወጣ ዘንድ ነው እንዲህ የተደረገው።

አንዱን በር ክፍት አግኝቼ ዘው አልኩ። የደረጃዎቹ መሃል በእግር ብዛት ጎድጎድ ብሏል። ከላይ ሽንኩርት ይቁላላል። አንዲት አሮጊት ብቅ ብለው አዩኝ። “ቴሬ” አልኩ፣ ጤና ይስጥልኝ ማለት ነው። “ቴሬ” ብለው በሩን ዘጉት። እዚያ አገር ሰላምታ ይኸው ነው፤ እንዳትቀየሚ።

እኔ ያደግኩት ፒያሳ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ደረጃው ሲንቋቋ አባባ መጣ እንል ነበር። ቤቱ አሁን የለም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። ለዚህ ይሆናል የሰው ቤት ደረጃ ላይ ያን ያህል የተገተርኩት።

እዚያው ሰፈር፣ የካላማያ መቃብር የሚሉት መናፈሻ አለ። ለዘመናት ሰው ይቀበርበት ነበር። በ1964 የሶቪየት ባለሥልጣናት አፈረሱት፣ የመቃብሩንም ድንጋይ ለግንባታ ወሰዱት። ዛሬ ሣርና ዛፍ ብቻ ነው፤ ሰው ውሻውን ያናፍስበታል። ምንም የሚታይ ነገር የለውም። ግን ቁጭ በይበት።

ሲርብሽ ጣቢያው አጠገብ ያለው ገበያ ግቢ። ኪሉ የምትባል ጣት የምታክል ዓሣ አለች። በጥቁር ዳቦ ላይ፣ ከእንቁላል ጋር ነው የምትበላው። ረቡዕና ዓርብ ከጾምሽ የዓሣውን ነገር ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ ሂጂ።

ከገበያው ወደ ባሕሩ ስትወርጂ ሊናሃል የሚባል ግዙፍ የኮንክሪት አዳራሽ ታያለሽ። ምሩጽ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ሲያመጣ አስታወስሽ? አንቺ እንኳ አልተወለድሽም። እኔ አዲስ አበባ ሬዲዮ ላይ ተደፍቼ ነበር። የዚያው ኦሎምፒክ የመርከብ ቀዘፋ… አይ፣ ቀዘፋ አይደለም፣ የሸራ ጀልባው ውድድር ታሊን ላይ ነበር፤ ሊናሃልም የተሠራው ለዚያ ነው። አዳራሹ ከተዘጋ ቆይቷል። ትንሽ አለፍ ብሎ የባሕር አውሮፕላን ማደሪያ የነበረ ሙዚየም አለ። በ1936 እንግሊዝ አገር የተሠራ ሌምቢት የሚባል ሰርጓጅ መርከብ ውስጡ ገብተሽ ታያለሽ። ረጅም ከሆንሽ ጭንቅላትሽን ጠብቂ፣ እኔ ሁለቴ ገጭቻለሁ።

ከከተማ ለመውጣት አንድ ቅዳሜ ካለሽ ላሄማ ሂጂ። በ1971 የተከለለ ነው፤ በሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ። በኛ ጊዜ የዚያ አገር ባሕር ዳር የድንበር ቀጠና ስለነበር ያለ ፈቃድ አይኬድም። እኔና ጓደኛዬ ሞክረን ከመንገድ መልሰውናል። ለዚህ ነው ካቻምና መጀመሪያ የሄድኩት እዚያ የሆነው። ወደ ሎክሳ የሚሄደው አውቶቡስ መንገድ ዳር ያወርድሻል፤ ርቀቱ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ቢሆን ነው። ቪሩ የሚሉት ረግረግ ላይ የሳንቃ መንገድ ዘርግተዋል። ከሳንቃው ጎን መሬቱን በጣቴ ብጫነው እንደ ስፖንጅ ጠጥቶ ውሃ ተፋ። ኩሬዎቹ የሻይ ቀለም አላቸው። ዛፎቹ ቁመታቸው ከኔ አይበልጥም፤ ዕድሜያቸው ግን ከኔ የሚበልጥ ሞልቷል። ከሳንቃው እንዳትወርጂ። ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ ወፍራም ሹራብ ያዢ፤ የአዲስ አበባ ጃኬትሽ ለመስከረሙ ዝናብ አይበቃም።

አንድ ምክር፦ የታሊን አውቶቡስ ነጻ ነው ይሉሻል። ከ2013 ጀምሮ እውነት ነው፣ ግን በከተማዋ ነዋሪነት ለተመዘገበ ሰው። እኔ ወሬውን አምኜ ተሳፍሬ ተቆጣጣሪ ያዘኝ። ቅጣቱን ልጄ ከፈለች፤ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ሄልሲንኪ በመርከብ 2 ሰዓት ገደማ ነው። የሼንገን ቪዛሽም ለሁለቱም ይሠራል። ብትሄጂ አልከለክልሽም። ያለሽ ግን ጥቂት ቅዳሜ ነው፤ እኔ ብሆን ረግረጉ ላይ አውለዋለሁ።