አስቂኝ ድራማ ለምትጽፉ ልጆች

ልጆቼ፣ ድርሰት ይዛችሁ ስትመጡ ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ የምትጽፉት አንድ ቤት ተከራይተው ስለሚኖሩ ጓደኛሞች ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ገጸ ባሕርያችሁ ምን ሠርተው እንደሚበሉ አይታወቅም። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ይቀላለዳሉ። ኪራዩን ማን ይክፈል?

እስቲ «ላቨርን ኤንድ ሸርሊ» የተባለውን አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ የመጀመሪያ ሲዝን ፈልጋችሁ እዩ። 15 ክፍል ብቻ ነው። በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤቢሲ መታየት የጀመረው በጥር 1976 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱ ሴቶች፣ ላቨርንና ሸርሊ፣ ከዚያ በፊት «ሃፒ ዴይስ» በተባለው ድራማ ላይ በእንግድነት ብቅ ብለው ነበር። ተመልካች ስለወደዳቸው የራሳቸው ድራማ ተሠራላቸው።

«ሃፒ ዴይስ» የሚያሳየው ያልተቸገረ ቤተሰብ ነው። እነዚህ ግን እዚያው ሚልዋኪ ከተማ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ምድር ቤት ተከራይተው በደባልነት የሚኖሩ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ሥራቸው ጠርሙስ ማሸግ ነው። መግቢያውን ልብ ብላችሁ እዩት። ጠርሙሶቹ ተሰልፈው ያልፋሉ። ላቨርን አንዱን ጠርሙስ ጓንት ታለብሰዋለች። ጓንት ያጠለቀው ጠርሙስ ከሌሎቹ ጋር ሲሄድ እጃቸውን እያውለበለቡ ይሸኙታል። በቃ። ሥራው አሰልቺ እንደሆነ፣ እነሱ ግን እጅ እንዳልሰጡ ማንም ሳይነግረን ገባን። እኔ ይቺን ትዕይንት ከአሥር ገጽ ንግግር አስበልጣታለሁ።

መጀመሪያ በተላለፈው ክፍል ደግሞ የፋብሪካው ባለቤቶች ቤት ግብዣ ይጠራሉ። ምን ይልበሱ? እዚያስ ምን ይበሉ፣ ምን ይናገሩ? ታሪኩ ከዚህ ይነሳል። ደራሲዎቹ ድህነታቸው ላይ ሙድ አልያዙም። የምንስቀው ክብራቸውን ላለማጣት ሲታገሉ እያየን ነው፤ ለዚህም ነው የምናዝንላቸው። ይህን አደራ እላችኋለሁ።

ጠባያቸውም አይገጥምም። ላቨርን አፏ ላይ የመጣላትን ትናገራለች። ሸርሊ ሁሌም ተስፈኛ ናት፣ ደንብና ሥርዓት ትወዳለች። ቢኮራረፉ እንኳ መሸሻ የላቸውም። ቀን አንድ ማሽን ላይ፣ ማታ አንድ ቤት። ገጸ ባሕርያታችሁ በቀላሉ መለያየት ከቻሉ ጠባቸው ተመልካቹን አያስጨንቀውም።

ስለ ተዋንያን ደግሞ ልንገራችሁ። ላቨርን ልብሷ ላይ ሁሌ የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ተጠልፎ ይታያል። የተዋናይቷ የፔኒ ማርሻል ሐሳብ ነው። ላቨርን ወተት በፔፕሲ ቀላቅላ የምትጠጣውም ፔኒ ራሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠጣው ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ አትፈጥሩትም። ስለዚህ ድርሰቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ከተዋንያኑ ጋር ቁጭ በሉ። ቤታቸው ምን እንደሚበሉ፣ ሲናደዱ ምን እንደሚሉ ጠይቋቸው፤ ከዚያ ንግግሩን እንደገና ጻፉት።