ሳልመን ሱሺ በቤታችን፦ ጠይቁ፣ ሼፍ ገበቴ ይመልሳል

ሼፍ ገበቴ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ከሰዓት ሥራ የለኝም፤ አራት ኪሎ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ሳልመን የተባለውን ዓሣ በሩዝና በባሕር አረም ቅጠል ስለምንጠቀልልበት የጃፓን ምግብ፣ ስለ ሳልመን ሱሺ ጥቅል፣ ያላችሁን ጠይቁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆቴል ኩሽና ውስጥ የቀዝቃዛውን ምግብ ክፍል ይዤ ሠርቻለሁ። ዋጋ አትጠይቁኝ፤ ጠዋት የነገርኳችሁ ማታ ይቀየራል። ሁለት ነገር ከወዲሁ ልበል። በረዶ ያልነካው ጥሬ ዓሣ አትጠቅልሉ። ሩዙን ደግሞ ፍሪጅ አታስገቡ።

ሔሉ (አምባሳደር)፦ ሼፍዬ፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሩዙ ውጭው ይላቁጣል፣ መሃሉ ጠጠር ነው። ቪዲዮውን ደቂቃ በደቂቃ ነው የተከተልኩት። ምን አጥፍቼ ነው?

ሼፍ ገበቴ፦ እሰይ! ይሄን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ሰው ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። ሱሺ ማለት እኮ ሩዙ ነው፤ ቃሉ ራሱ ጎምዛዛ ከማለት የመጣ ነው። ዓሣው ብቻውን ሲቀርብ ሳሺሚ ይባላል፤ ሌላ ምግብ ነው።

አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ከፍታው ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ባሕር ዳር ሆኖ ነው የሚቀቅለው፤ እሱ ጋ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳት ብትጨምሪ ክዳኑ ይንጫጫል እንጂ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባቄላና ሽምብራ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅብን ለምን ይመስልሻል?

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ባስማቲ ከሆነ የያዝሽው፣ ተይው፤ እሱ እንዲበታተን የተፈጠረ ነው። አጭርና ደንዳና ፍሬ ያለው ነው የሚፈለገው። የጃፓኑ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ የግብፁ ክብ ሩዝ ይሆናል። እኔ የፎገራን ሩዝም እሠራበታለሁ፤ ስብርባሪውን ለቅሜ። አራት አምስት ጊዜ እጠቢው፣ ውሃው እስኪጠራ። ከዚያ 40 ደቂቃ ዘፍዝፊው። ይሄን ነው ሁሉም የሚዘለው! ስትዘፈዝፊው ውሃው እስከ መሃሉ ይገባል፤ ያ ጠጠር ይጠፋል። አንጠፍጥፊና ለ1 ኩባያ ሩዝ 1 ኩባያ ከሩብ ውሃ አድርጊ። ሲፈላ እሳቱን እስከ መጨረሻው ቀንሺው። 20 ደቂቃ፣ ክዳኑን ሳትከፍቺ። ሳትከፍቺ ነው ያልኩት። ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪ፣ ጫፉን እሳት እንዳይበላው ወደ ላይ ቋጥሪ፣ ሙቀጫ ጫኚበት። ካጠፋሽው በኋላ 15 ደቂቃ እንደተከደነ ይረፍ።

ፕሬሸር ድስት ካለሽ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ግፊቱ የመፍያውን ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ከጮኸ 6 ደቂቃ፣ ከዚያ አጥፍተሽ ግፊቱ በራሱ እስኪወጣ መጠበቅ ነው።

ሔሉ (አምባሳደር)፦ የግብፁ አለኝ። አሁኑኑ እዘፈዝፋለሁ።

ቢኒ፦ ሱሺ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሼፍ ገበቴ፦ ይሄ «ወጥ እንዴት ይሠራል» እንደ ማለት ነው። ከላይ ያለውን አንብብና የከበደህን ነጥለህ ጠይቅ።

አስቴር (ሜክሲኮ)፦ ሼፍ፣ እርስዎ ማጣፈጫውን አልነገሩንም። የሩዝ አቸቶ ከሌለኝ በተራው አቸቶ ይሆናል?

ሼፍ ገበቴ፦ ይሆናል፤ ግን ተራው አቸቶ ኃይለኛ ነው። ሦስት እጅ አቸቶ ለአንድ እጅ ውሃ አቅጥኚው። ለ300 ግራም ደረቅ ሩዝ 60 ሚሊ ሊትር አቸቶ፣ 25 ግራም ስኳር፣ 6 ግራም ጨው። ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አሙቂው፤ አታፍዪው።

አሁን ወደ ስሜ ልምጣ። ጃፓኖች ሩዙን የሚለውሱበት ሰፊ የእንጨት ዕቃ አላቸው። የእናቴን ገበቴ ሳየው ያው ነው! እንጨቱ ትርፍ እርጥበቱን ይመጠዋል። ገበቴውን ውሃ አጠጪና ጥረጊው። ሩዙን ትኩሱን ገልብጪበት፤ አቸቶውን በማንኪያ ጀርባ ላይ እያንጠባጠብሽ አርከፍክፊ። አታማስዪ፤ ገንፎ አይደለም። በእንጨት ማንኪያ እየቆረጥሽ ገልበጥ ገልበጥ አድርጊው። በሌላው እጅሽ በከሰሉ ማራገቢያ አራግቢ፤ ያኔ ነው ፍሬው የሚያብረቀርቀው። ከእጅሽ ሙቀት ጋር ሲስተካከል ደርሷል። እርጥብ ጨርቅ አልብሺውና በዚያው ቀን ጨርሺው። ፍሪጅ ከገባ ይደርቃል፣ ይጠጥራል። ደግሞ በርበሬ የተለወሰበት ገበቴ አይሆንም። ሞክሬዋለሁ፤ ሳልመኑ ድልህ ድልህ አለኝ።

ናቲ ለገሃር፦ ብራዘር፣ ሱሺ ግሬድ ሳልመን የት ይገኛል?

ሼፍ ገበቴ፦ የሱቅ ስም አልጠራም። ቦሌ አካባቢ በረዶ ዓሣ የሚሸጡ አሉ፤ ዞር ዞር በል። ግን ይሄ «ሱሺ ግሬድ»፣ ማለትም «ጥሬውን ለሱሺ የሚሆን» የሚባለውን ነገር ልጨርሰው። እንደዚያ የሚባል በሕግ የተለካ ደረጃ የለም። ሻጩ የሚለጥፈው ወረቀት ነው። የምትጠይቀው ሌላ ነው፦ የእርባታ ነው ወይስ ከባሕር የተጠመደ? በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ቀን በረዶ ውስጥ ቆየ? ሻጩ ይሄን ካላወቀ ጠብሰህ ብላው።

ከባሕር የሚጠመደው ሳልመን ውስጥ የክር ቅንጣቢ የመሰለ ትል ይኖራል። በመኖ ያደገው የአትላንቲክ ሳልመን ላይ በጣም ብርቅ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥሬ ለሚበላ ዓሣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀን ይላል፤ ወይም በ35 እስኪደርቅ አቀዝቅዞ እዚያው 15 ሰዓት ማቆየት። የቤታችን ፍሪዘር ደግሞ ሲበረታ ከዜሮ በታች 18 ነው። ላዩ ላይ የመብራቱ መጥፋት አለ። ስለዚህ ቤት የምናቀዘቅዘው ለትል ብለን አይደለም፤ በፋብሪካ በረዶነቱ የመጣውን እንዳይፈታ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ያዝ፦ በረዶ ትሉን ይገድላል፣ ባክቴሪያን ግን ያስተኛል እንጂ አይገድልም።

ሚጥሚጣ፦ ኧረ ተዉን! ጥሬ ሥጋ ቆርጠን የምንበላ ሕዝብ ነን። ትንሽ ዓሣ ምን ታመጣለች?

ኪሩቤል፦ አያቶቻችንን በየሁለት ወሩ ኮሶ ያስጠጣቸው እኮ ያ ቁርጥ ነው።

ሚጥሚጣ፦ ጠጥተው መቶ ዓመት ኖሩ! ዓሣውን በሚጥሚጣ ለውሶ በአረቄ ማወራረድ ነው፤ ትሉ ራሱ ይለምናል።

ሼፍ ገበቴ፦ የዓሣ ትል በሚጥሚጣም፣ በሎሚም፣ በአቸቶም፣ በአረቄም አይሞትም። አቸቶ ውስጥ ቀናት የሚቆይ ትል ነው። በረዶ ወይም እሳት፤ ሦስተኛ የለም። ቀጥሉ።

ማርታ፦ ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ቆሮሶ በአዋዜ በልቼ ምንም አልሆንኩም። በቆሮሶ ብጠቀልለውስ?

ሼፍ ገበቴ፦ የሐይቅ ዓሣ ጥሬውን አልነካም። ጠብሰሽ ጠቅልዪው፤ ይጣፍጣል።

ኪሩቤል፦ የባሌ ትራውትስ? የሳልመን ዘመድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሼፍ ገበቴ፦ ዘመድ ነው። የወንዝ ዓሣ ነው። ጥሬውን አይሆንም።

አስቴር (ሜክሲኮ)፦ በጾም መብላት ይቻላል?

ማርታ፦ ዓሣ ይቻላል፣ ጌታም ዓሣ አብዝቶ አብልቷል።

የአራዳው፦ እሱ በጾም ነው ያለሽ ማነው? ደም ያለው ነገር ሁሉ አይበላም። ድሮ ፒያሳ በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ጀርባውን አዙሮ ነበር የሚበላው።

ማርታ፦ ሆቴሉ ሁሉ የጾም ዓሣ ብሎ እየሸጠ?

የአራዳው፦ ሆቴል ነው እንዴ የሚፈታሽ?

ሚጥሚጣ፦ ሳልመን መግዛት የቻለ ሰው ንስሐው ሌላ ነው 😂

ሼፍ ገበቴ፦ ይሄን ለየንስሐ አባቶቻችሁ። እኔ ኩሽና ነኝ። ኪያርና አቮካዶ ብቻ ብትጠቀልሉ ማንም አይጣላችሁም፤ አኩሪ አተር ሶሱም የጾም ነው። የሁመራ ነጭ ሰሊጥ አመስ አድርጋችሁ ነስንሱበት። ሽታው ብቻውን ይበቃል።

ሊያ፦ ሰላም ሼፍ፣ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ በጣም አማረኝ።

ሼፍ ገበቴ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። ጥሬው ይቆይሽ። በጭስ የተዘጋጀው ቀዝቃዛ ሳልመንም እንደዚያው። በደንብ የተጠበሰ ጠቅልዪ፤ ሌላውን ለሐኪምሽ።

ቢኒ፦ እሺ ነጠልኩት። ሳልመኑን ገዛሁ፣ ድንጋይ ሆኗል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ልክተተው?

ሼፍ ገበቴ፦ ቢኒ፣ አደራህን! ዓሣውን በእጅህ እየገደልከው ነው። መጀመሪያ አየሩ የተመጠጠበትን ላስቲክ ቅደደው። ይሄን ሰው አያውቅም። አየር የሌለበት ላስቲክ ውስጥ ዓሣ ሲፈታ መርዝ የሚሠራ ባክቴሪያ ሊነቃ ይችላል። ከዚያ ሰሃን ላይ አድርገህ፣ ከድነህ፣ ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሳድረው። ስለዚህ ዛሬ አትበላም። ነገ ስታወጣው ሽታው የባሕር እንጂ የዓሣ ተራ መሆን የለበትም። ሥጋው በጣትህ ስትጫነው ይመለስ። ላስቲኩ ውስጥ የበረዶ ክምር ካየህ ተፈትቶ ዳግም የቀዘቀዘ ነው፤ ጥሬውን እርሳው።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። በብርጭቆ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙና ላዩ ላይ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ከመንገድ ስትመለሱ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት፣ መብራት ሄዶ ሁሉም ተፈትቶ ነበር ማለት ነው። አምና ክረምት ለሁለት ቀን ደብረ ብርሃን ሄጄ ስመለስ ፍሪዘሩ ድንጋይ ነው፤ ዓሣውም ድንጋይ። ሳንቲሙ ግን ብርጭቆው ቂጥ ላይ። ሁለት ኪሎ ሳልመን ጠብሼ ለጎረቤት አከፋፈልኩ። ጎረቤቶቼ እስካሁን ይመርቁኛል፤ እኔ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ናቲ ለገሃር፦ ጃፓኖች ግን ለሺህ ዓመት ሳልመን በጥሬው ሲበሉ ምን ሆኑ?

ሼፍ ገበቴ፦ አልበሉትም። ሳልመናቸውን በጨው ወይም በእሳት ነበር የሚበሉት፤ ትሉን ያውቁታል። ጥሬ ሳልመን ሱሺ ላይ እንዲወጣ የወተወቱት ኖርዌጆች ናቸው፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ፤ የእርባታ ዓሣ ተርፏቸው ገበያ ሲፈልጉ። የናንተ «ጥንታዊ» ሱሺ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦ ስጠቀልለው ይፈነዳብኛል። ቁራጩም ክብ አይሆንም።

ሼፍ ገበቴ፦ ሩዝ ታበዛለህ። ሁሉም ያበዛል፤ እንጀራ ላይ ወጥ እንደሚያበዛ ሰው። የባሕር አረሙን ቅጠል (ኖሪ ይባላል) ከሁለት ክፈለው። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ታች፣ ሻካራው ወደ አንተ። እጅህን አቸቶ በነካ ውሃ አርጥብ። ለግማሽ ቅጠል 80 ግራም ሩዝ፣ በሲኒ ጢም የምትል ያህል። በጣትህ ጫፍ በትነው፤ አትጫን። በሩዙ መሃል ቅጠሉ ጥቁር ጥቁር ብሎ መታየት አለበት። ከወዲያ በኩል አንድ ጣት ያህል ባዶ ተው። ሳልመኑ እንደ እርሳስ የቀጠነ አንድ ዘለላ፣ ኪያሩ ፍሬው ወጥቶ አንድ ዘለላ፤ በቃ። የቀርከሃውን ምንጣፍ አንሥተህ የሩዙን ጫፍ ከወዲያኛው የሩዝ ጫፍ ጋር አገናኝ። ያቺ ባዶዋ ጥቁር መስመር ነች የምትዘጋው። አንዴ ጨበጥ፣ ከዚያ ልቀቅ።

ምንጣፍ ከሌለህ ወፍራም የምግብ ላስቲክ በንጹሕ ፎጣ ላይ አንጥፈህ ሞክር። ቀለም የተቀባውን የጠረጴዛ ቀርከሃ አትጠቀም።

ሚጥሚጣ፦ ያ አረንጓዴው የሚያቃጥል ማባያ፣ ዋሳቢ፣ ውድ ነው። በምን ይተካ?

ሼፍ ገበቴ፦ በሰናፍጭ! አልቀልድም። በቱቦ የሚሸጠው አብዛኛው ዋሳቢ ዋሳቢ አይደለም፤ ሆርስራዲሽ የሚባል ነጭ ሥር ያለው ተክልና ሰናፍጭ በአረንጓዴ ቀለም ነው። አፍንጫ ውስጥ ሽው የሚለው ነገር ሁለቱም ውስጥ አንድ ነው። እናቶቻችን ሰናፍጩን ፈጭተው በውሃ ሲለውሱት አይደል የሚነሣው? ደረቁ ዱቄት ምንም አይልም፤ ውሃ ሲነካው ነው የሚቆጣው። ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ሳትጨምር፣ ወፈር አድርገህ ለውስና 10 ደቂቃ ከድነህ ተወው። ከሳልመን ቅባት ጋር እኔ ከቱቦው አስበልጠዋለሁ። ከሥጋ ጋር እንደምትጠቅሰው ግን አታጥልቀው፤ የስንዴ ፍሬ ታህል ይበቃሃል።

ሰብለ፦ ሳልመን የት ነው የሚሸጠው ግን?

ሼፍ ገበቴ፦ ከላይ መልሻለሁ።

ዳጊ፦ የተረፈውን ሱሺ ለነገ ፍሪጅ ባስገባው?

ሼፍ ገበቴ፦ ከላይ መልሻለሁ። ከላይ፣ ከላይ፣ ከላይ።

ሔሉ (አምባሳደር)፦ ሼፍዬዬዬ! ሩዙ ሆነ! ጠጠር የለውም! በኪያርና በአቮካዶ ጠቅልዬ ስቆርጠው ግን ቢላዋው ላይ ተጣብቆ ሁሉም ተጨፈለቀ።

ሼፍ ገበቴ፦ ቢላዋውን ሞርደሽዋል?

ሔሉ (አምባሳደር)፦ አዎ።

ሼፍ ገበቴ፦ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽዋል?

ሔሉ (አምባሳደር)፦ ...አልጠረግኩም።

ሼፍ ገበቴ፦ በይ ጥረጊና አንዴ ወደ ራስሽ ሳቢው። መጋዝ አይደለም። ፎቶ ላኪልኝ።