ኮምቡቻሽን ለመድፋት አትቸኩዪ

እህቴ፣ እስካሁን ካልደፋሽው ተይው። ከአሜሪካ የመጣች ዘመድሽ በሰጠችሽ እርሾ ኮምቡቻ፣ ማለትም ስኳር የገባበት ሻይ ኮምጥጦ የሚሆነውን መጠጥ ጠንስሰሽ፣ በስምንተኛው ቀን ከእርሾው ጋር የመጣው ወፍራም ክብ ነገር ወደ ታች ሰጥሞ ላዩን ነጭ ነገር ጋርዶት ስላገኘሽው «ሻገተ ወይስ ደህና ነው?» ብለሻል። ጋዝ ያልያዘው ለምን እንደሆነና ለልጆች ይሰጥ እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ስሠራው ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሁለት ጊዜ ደፍቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ወጥ ቤቴን በጠርሙስ ስብርባሪ ሞልቼዋለሁ።

ጠርሙሱን ብርሃን ወዳለበት ወስደሽ ከላይም ከጎንም እይው። ነጩ ነገር እርጥብና የሚያብረቀርቅ፣ የወተት ስልባቦት የመሰለ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ አዲስ ሽፋን እየሠሩ ነው፤ ከቀን ወደ ቀን ይወፍራል። ከሥሩ የሚንጠለጠለው ቡናማ ክር መሳይ ነገርም ቆሻሻ አይደለም። የአሮጌው ክብ መስጠም ምንም አያመጣም። ሻጋታ ከሆነ ግን ራሱን አይደብቅም፤ መሶብ ውስጥ በተረሳ እንጀራ ላይ የሚወጣውን ታውቂው የለ? ደረቅ፣ ፀጉራም፣ ክብ ክብ እየሠራ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር የሚሆነውን። እሱን ካየሽ ላዩን ገፍፎ መጠጣት የለም። ፈሳሹንም ክቡንም ድፊ፣ ጠርሙሱን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢና ከሌላ ሰው እርሾ ለምነሽ እንደገና ጀምሪ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ያን ክብ ነገር እንደ ዓይን ብሌን እየጠበቅን ፈሳሹን ስንንቅ ነው። ዋናው እርሾ ፈሳሹ ነው። እንጀራ ለምትጋግር ሴት ይህ አዲስ ነገር ሊሆንባት አይገባም፤ ሊጡ ላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ውሃ ቀድተን ለሚቀጥለው ቡኮ እናስቀምጥ የለ? ካለፈው ጥንስስ የተረፈው ኮምጣጣ ፈሳሽ አዲሱን ሻይ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ያኮመጥጠዋል፣ ሻጋታ ደግሞ ኮምጣጣ ነገር ላይ በቀላሉ አይበቅልም። መጀመሪያ የሻገተብኝ ክቡን ብቻ አንድ ማንኪያ በማትሞላ ፈሳሽ ጨምሬ ስለነበር ነው። ሻዩ አምስት ቀን ሙሉ ጣፋጭ እንደሆነ ቆየ፤ በስድስተኛው አረንጓዴ ነጥቦች አወጣ።

የእኔ ልክ ይኸውልሽ፦ ለሁለት ሊትር ውሃ 10 ግራም ተራ ጥቁር ሻይ፣ 150 ግራም ስኳርና ቢያንስ 200 ሚሊ ሊትር የቆየ ኮምጣጣ ፈሳሽ። በክረምት ፈሳሹን 300 አደርሰዋለሁ። ሻዩን አፍልተሽ፣ ቅጠሉን አጥልለሽ፣ ስኳሩን አሟሙተሽ ጣትሽን ብትነክሪበት ሙቀት እስከማይሰማሽ ድረስ አቀዝቅዥው። ትኩሱ ላይ ከጨመርሽ እርሾውን ትገድይዋለሽ። ዕቃው የጠርሙስ ይሁን፤ አሲዱ አሉሚኒየም ይበላል፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም ከተቀባ ሸክላም እርሳስ ሊያወጣ ይችላል።

ሁለተኛው የተደፋው በእኔ ሞኝነት ነው። ሻይ ያለ ቅመም ምን ይጥማል ብዬ ቅርንፉድና ቀረፋ አብሬ አፈላሁ። ሽታው ቤቱን አወደው፤ ጥንስሱ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ቅርንፉድ ረቂቅ ተሕዋስያንን የሚያዳክም ዘይት አለው፤ ጥርስ ላይ የምናደርገውም በከንቱ አይደለም። ቅመም ካማረሽ ካለቀ በኋላ፣ ጠርሙስ ስትሞዪ ጨምሪ።

አፉን ጥቅጥቅ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍነሽ በላስቲክ እሰሪው። የነጠላ ቁራጭ አይሆንም፤ የፍራፍሬ ዝንብ በሽመናው መሐል ሾልካ ትገባለች። በ1970ዎቹ ሶቪየት ኅብረት የተማረው አጎቴ የእኔን ጠርሙስ ሲያይ ሳቀብኝ። ለካ የተከራየባት አሮጊት ባለ ሦስት ሊትር ጠርሙስ መስኮቷ ላይ አኑራ ይህንኑ ትጠጣ ኖሯል። ሩሲያውያን «ቻይኒ ግሪብ» ይሉታል፣ የሻይ እንጉዳይ እንደ ማለት ነው። እኛ አሁን የሰማነውን እሱ ያኔ ጠግቦት ኖሯል።

ቀኑን በተመለከተ የሌላ አገር ሰው ሰባት ቀን ስላለ ሰባት ቀን አትበይ። ሙቀቱ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። የአዲስ አበባ ሐምሌ ግን ሌላ ነው፤ እኔ ዘንድ ሦስት ሳምንት የፈጀበት ጊዜ አለ። ማቀዝቀዣው አናት ላይ ሳስቀምጠው ይሻለዋል። ከስድስተኛው ቀን ጀምረሽ በንጹሕ ማንኪያ ቅመሺ፤ ጣፋጭነቱና ኩምጣጤው ሲመጣጠኑልሽ ደርሷል። አልፎ ከኮመጠጠም ሰላጣ ላይ እንደ ኮምጣጤ ትጨምሪዋለሽ፣ ለሚቀጥለው እርሾም ከሱ የተሻለ የለም።

ጋዝ ያልያዘው አፉ በጨርቅ ስለተሸፈነ ነው፤ ጋዙ ይወጣል። ከደረሰ በኋላ ለእርሾ የሚሆነውን አስቀርተሽ ሌላውን በሚከደን ጠርሙስ ሙዪ፣ ትንሽ ዝንጅብል ወይም ጭማቂ ጨምሪ፣ ከላይ ሦስት ጣት ክፍት ተዪ። እኔ በሚያምር አራት ማዕዘን ጠርሙስ ማንጎ ጨምሬ አራት ቀን ረሳሁት። ሌሊት ሲፈነዳ ባለቤቴ ጥይት መስሎት ከአልጋው ወረደ፤ ጠዋት የማንጎ ፍሬ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ አገኘን። አሁን ሁልጊዜ አንዱን በለስላሳ መጠጥ የላስቲክ ጠርሙስ እሞላለሁ። ላስቲኩ ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ሁሉንም ወደ ማቀዝቀዣ አስገባለሁ።

ለልጆች? እኔ ለትንንሾቼ አልሰጥም። ጥቂትም ቢሆን አልኮል አለው፣ ጠርሙስ ውስጥ በቆየ ቁጥርም ይጨምራል። ነፍሰ ጡርና የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰውም ይቅርበት። ስኳሩም ሁሉ ስለማያልቅ የስኳር ሕመምተኛ ይጠንቀቅ። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ሲጠጡት የነበሩ ሁለት ሴቶች በጽኑ ታመው አንዷ ሞታ ነበር። መንስኤው ኮምቡቻው ስለመሆኑ ባይረጋገጥም፣ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያኔ ለጤነኛ ሰው ጉዳት ላያመጣ ይችላል ያለው በቀን 120 ሚሊ ሊትር ያህሉን ነው፤ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ካንሰር ያድናል፣ ኩላሊት ያጥባል የሚሉሽን አትስሚ። እኔ የምጠጣው ስለሚጥመኝ ነው።

ነጩ ነገር እርጥብ ከሆነ ነገ ጠዋት ሽፋኑን በማንኪያ ገፋ አድርገሽ ቅመሺው። አሁንም እንደ ሻይ ከጣፈጠሽ ዘመድሽ የሰጠችሽ ፈሳሽ አንሶ ይሆናልና አምስት ቀን ጨምሪለት፣ ሳትነቀንቂው።