ማዘርቦርዱን ከመቀየርህ በፊት ይቺን አንብብ

ወንድሜ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ኮምፒውተር ያየሁ ነው የመሰለኝ። ራስህ የገጣጠምከው ዴስክቶፕ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ የተነሳ ቀን ደግሞ ጌም መሀል ስታክ ያደርጋል፣ ቴክኒሻኑም "ማዘርቦርዱ ሄዷል ቀይረው" ብሎሃል። እንዳትቀይር! ቀይሬ ነው የምነግርህ።

1. ራሞቹን ንቀልና አንዱን ብቻ ሰክተህ ሞክር፣ አራት ስሎት ካለው ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ላይ አድርገው። ከዛ ሌላኛውን። ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነው ሴቲንግ) ካበራህ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ፣ ገብተህ አጥፋው። ራሙ ዲዲአር5 የሚሉት አይነት ከሆነ ከነካካኸው በኋላ መጀመሪያ ሲነሳ ደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ ታገሰው፣ ሞቷል ብለህ መሀል ላይ እንዳታጠፋው። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ደግሞ ሌሊቱን አስኪደው፣ አንድ ኤረር እንኳ ካወጣ ዝም ብለህ አትለፈው።

2. ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የተፈጠረውን ችግር የሚመዘግብበት) ላይ ከርነል ፓወር 41 የሚል ታያለህ። የኔ ቴክኒሻን የፈረደብኝ እሱን አይቶ ነው። 41 ግን ኮምፒውተሩ በስርአት ሳይዘጋ እንደተነሳ ብቻ ነው የሚነግርህ፣ ለምን የሚለውን አይነግርህም። ሰውዬው አንድ ነገር ነቅሎ አልሞከረም፣ ፓወር ሰፕላዩስ (ለሁሉም ክፍል ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሳጥን) ብዬ ስጠይቀው "ባለሙያው አንተ ነህ እኔ?" ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። አፍሬ ዝም አልኩና አዲስ ማዘርቦርድ ገዛሁ፣ በዛው ሌሊት ያው ስታክ! ከዛ ጓደኛዬ ፓወር ሰፕላዩን ከነኬብሉ አዋሰኝ፣ ሳምንት ሙሉ ጌም ስጫወት አንዴም አላስቸገረኝም። የኔው ፓወር ሰፕላይ ግራፊክስ ካርዱ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲስብ 12 ቮልቱ ይወርድበት ነበር ማለት ነው፣ ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም።

3. አሁን ይሄን ልብ በል፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ፣ ኬብሉ የሚነቀል የሚሰካ አይነት፣ ሞዱላር የሚሉት። የድሮው ኬብል ከኬዙ ኋላ በስርአት ታስሮ ስለነበር ማን ይፈታዋል ብዬ እዛው ተውኩትና ጫፉን ብቻ አዲሱ ላይ ሰካሁት። ልክ ገባ። አበራሁት፣ ወዲያው ሽታ ሸተተኝ፣ ሃርድ ዲስኩም ኤስኤስዲውም አብረው ሄዱ፣ የ6 አመት የቤተሰብ ፎቶ ከነሱ ጋር። በሃርድ ዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ ሁሉም ጋ አንድ አይነት ነው፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን ካምፓኒው እንደፈለገ ነው የሚደረድረው፣ አንድ ካምፓኒ ሆኖ እንኳን ሞዴሉ ሲለያይ ሊለያይ ይችላል፣ 5 ቮልት የሚጠብቀው መስመር ላይ 12 ቮልት ይገባልሃል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ስትቀይር፣ ለሙከራ ብትዋስም ጭምር፣ አንድ የድሮ ኬብል እንዳይቀር! ፎቶህንም ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጥ።

ተቃጥሏል የተባለው ማዘርቦርዴ ዛሬም የእህቴ ኮምፒውተር ላይ እየሰራ ነው። ራሴ ነኝ የገጠምኩላት፣ እስካሁን አንዴ ስታክ አላደረገባትም።

ፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካውን ባለ 8 ፒን ኬብልም ቀጭ እስኪል ግፋው። ማዘርቦርድህ ላይ ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት የሚሉ ትንንሽ መብራቶች ካሉ ስክሪኑ ሲጠቁር የትኛው ላይ እንደሚቆም እዚሁ ጻፍልኝ፣ ማታ ገብቼ አየዋለሁ።