ዓይን የሚያቃጥል የዶሮ ቤት

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ 5 በ8 ሜትር በሆነ ቤት 200 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ቀን ቀን ግቢ ውስጥ ይለቀቃሉ። ማታ ግን ብርዱን ፈርቼ የሽቦውን መስኮት በሸራ ጥርቅም አድርጌ እዘጋለሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ዶሮዎቹም ያስነጥሳሉ። ሸራውን ብከፍተው ብርዱ አይጨርሳቸውም? ሽታውን ለማጥፋትስ ኖራ ልነስንስበት?

መልስ፦ ላባዋ የተሟላ ዶሮ ደረቅ ብርድ ትችላለች። የሚጎዳት እርጥበትና በቀጥታ የሚመታት ነፋስ ነው። 200 ዶሮ በቀን ከ40 እስከ 50 ሊትር ውሃ ይጠጣል። ጥቂቱ ከእንቁላሉ ጋር ቢሄድም አብዛኛው በኩስና በትንፋሽ ይወጣል። ቤቱ ሲዘጋ ይህ እንፋሎት ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ ጉዝጓዙ ላይ መልሶ ይንጠባጠባል። ከረጠበው ኩስ የሚወጣው አሞኒያ ነው ዓይንዎን የሚያቃጥለው። ቆመው ሳይሆን ጎንበስ ብለው በዶሮዋ ቁመት ያሽትቱት፤ ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍሰው ያንን ነው።

መጀመሪያ የሸራውን አሰቃቀል ይዩ። ላይኛው ጠርዝ ተቸንክሮ ከታች ወደ ላይ የሚጠቀለል ከሆነ (ብዙ ቦታ የሚታየው ይኸው ነው) ትንሽ ሲከፍቱት ብርዱ ዶሮዎቹ ላይ ያርፋል። ይገልብጡት፦ የታችኛው ጠርዝ ግድግዳው ላይ ይቸንከር፣ የላይኛው በገመድ ወደ ታች ይውረድ። ጣሪያው ሥር በሁለቱም በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሌሊትም አይዘጋ። ቀዝቃዛው አየር ከዶሮዎቹ በላይ ገብቶ ከሙቁ ጋር ተደባልቆ ይወርዳል። ቆጡ ግን ከክፍተቱ በደንብ ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ ነፋሱ መሐል ያድራሉ።

የሞቀው አየር መውጫም ይፈልጋል። ጣሪያው ባለ ሁለት ክንፍ ከሆነ አናቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይክፈቱ፤ በላዩ ዝናብ የሚመልስ ቆርቆሮ ከፍ አድርገው ይምቱ፣ ክፍተቱን በጠባብ ወንፊት ሽቦ ይሸፍኑ። አለበለዚያ ሽልምጥማጥ በዚያ ይገባል።

ዶሮዎቹ የሚወጡበትን ትንሽ በር እንደ አየር ማስገቢያ አይቁጠሩት። ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጎን ይሁን፤ ማታ ይዘጋ።

ጉዝጓዙን በእጅዎ ጨብጠው ይልቀቁት። እንደ ድቡልቡል ከቀረ እርጥብ ነው፣ ከተፈረካከሰ ደህና ነው። በውሃ መጠጫው ዙሪያ የጋገረውን አውጥተው ደረቅ ገለባ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይተኩ።

ኖራውን ይተዉት። ኩስ ላይ ሲነሰነስ አሞኒያው ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ አመድም ያው ነው። አየሩ ተስተካክሎ ማስነጠሱ ካልቆመ፣ ወይም ፊታቸው ካበጠና እንቁላል ከቀነሱ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ፤ ፈንግልን (ተላላፊውን የዶሮ በሽታ) መስኮት አይከላከለውም።