ምጣዱ ስንት ኦም ነው? ስለ ቮልት፣ አምፔርና ዋት ስሌት ጥያቄና መልስ

በደብረ ማርቆስ የኤሌክትሪክ ሙያ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ዛሬ የምመልሰው ከቮልቴጅና (በቮልት የሚለካ ግፊት) ከከረንት (በአምፔር የሚለካ ፍሰት) ተነሥቶ ሬዚስታንስንና (ፍሰቱን የሚቃወም፣ በኦም የሚለካ) ኃይልን (በዋት የሚለካ) ስለ ማስላት ብቻ ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ያዙ፦ ቮልቴጅ የሚለካው ዕቃው እየሠራ ሳለ ነው፤ ኦም የሚለካው ግን ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ ነው።

ከቢቸና፦ መምህር፣ በምጣዳችን ላይ 220 ቮልት፣ 16 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ሬዚስታንሱና ኃይሉ እንዴት ይሰላል?

መልስ፦ ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍሉት ኦም፣ በአምፔሩ ስታባዙት ዋት ታገኛላችሁ። 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም፤ 220 × 16 = 3,520 ዋት። ይሁን እንጂ የተጻፈው ፋብሪካው ያሰበው ቁጥር እንጂ እናንተ ቤት የደረሰው አይደለም። ምጣዱ እየሠራ ለኩ።

ከቢቸና፦ አምፔሩንስ በቴስተር ሶኬቱ ላይ መለካት ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም! ሁለቱን ሽቦ በቀጥታ ማገናኘት፣ ማለት ሾርት ነው። ክላምፕ ሜትር (ሽቦ ሳይቆረጥ ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ተዋሱና አንዱን ሽቦ ብቻ አቅፉበት።

ከዳንግላ፦ 100 ዋት የሚል የድሮ አምፖል ብለካ ቴስተሩ 38 ኦም አሳየኝ። በስሌት ግን 484 ኦም ይወጣል። ቴስተሬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቴስተርዎ ደኅና ነው። 484 የሚገኘው 220ን በራሱ አባዝቶ ለ100 በማካፈል ስለ ሆነ በርቶ የጋለውን አምፖል ይመለከታል፤ እርስዎ የለኩት የቀዘቀዘውን ነው። ቱንግስተን ሲግል ሬዚስታንሱ ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያው በተጫነባት ቅጽበት የሚቃጠለውም፣ በዚያች ቅጽበት ከረንቱ ከ0.45 አምፔር ይልቅ ወደ 6 አምፔር ስለሚጠጋ ነው። የምጣድ ሽቦ ኒክሮምን የመሰለ ቅይጥ በመሆኑ ለውጡ ጥቂት ነው፤ ቀዝቅዞ የተለካው ለስሌት ይበቃል።

ከሞጣ፦ በጎመን ዘር አስሼ ብጠብቅም ምጣዴ አይሰማም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት ቮልት? ስንት ኦም? የሽቦው ርዝመትስ? ያለ ቁጥር የምመልሰው የለኝም።

ከፍኖተ ሰላም፦ እህቴ አትጨነቂ። እኔ ምጣድ ጠጋኝ ነኝ፤ ሬዚስታንሱን (የሚግለውን ሽቦ) ጥቂት ቆርጬ መልሼ እቀጥለዋለሁ። ምጣዱ ቶሎ ይሰማል፣ እንጀራውም ዓይን ያወጣል።

ከቡሬ፦ ወንድሜ፣ እንደዚያ የተጠገነ ምጣድ ነው የእኛን ሶኬት ያቀለጠው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ሶኬታችሁ ርካሽ ይሆናል። ሽቦ ሲያጥር ሸክሙ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

መልስ፦ ይጨምራል። ሽቦው ሲያጥር ኦሙ ይቀንሳል፤ ኦሙ ሲቀንስ ከረንቱ ይጨምራል። ከ13.75 ኦም አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 12.4 ኦም ገደማ ይቀራል፤ በ220 ቮልት 17.8 አምፔር ይስባል፣ ኃይሉም ወደ 3,900 ዋት ይወጣል። ባለ 16 አምፔር ሶኬት ይህን ለረጅም ጋገራ አይችልም። የቡሬው ጠያቂ እውነት አላቸው።

ከባሕር ዳር፦ የወፍጮ ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ 380 ቮልት፣ 20 አምፔር። ኃይሉ 7,600 ዋት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሦስት ፌዝ ስለ ሆነ በ1.73 (የ3 ካሬ ሥር) እና በፓወር ፋክተሩ (ከሚሳበው ውስጥ በእርግጥ ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) ይባዛል፤ ፓወር ፋክተሩ 0.8 ቢሆን 10,500 ዋት ገደማ ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ አካፍሎ የሞተር ሬዚስታንስ ማግኘት አይቻልም። ሞተር ለሌላ ቀን ይቆየን።

ከሞጣ፦ ቁጥሩን አመጣሁ። ምጣዱ ሳይሰካ 215 ቮልት፣ ሲሠራ 178 ቮልት። ነቅዬ ብለካው 13.75 ኦም ነው። መስመሩን የሳብነው ከጎረቤት ቆጣሪ ነው፤ 120 ሜትር ይሆናል፣ ሽቦው ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ ነው።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ መመለስ ደስ ይላል። 178 ÷ 13.75 = 12.9 አምፔር ገደማ፤ ስለዚህ ምጣድዎ የሚያገኘው 2,300 ዋት ብቻ ነው፣ ማለትም የ3,520ው 65 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከ215 የጎደለው 37 ቮልት የቀረው መንገድ ላይ ነው፤ 37ን ለ12.9 ሲያካፍሉት የመስመሩ ሬዚስታንስ 2.86 ኦም ገደማ ይሆናል። አሁን ከሽቦው ጋር እናስተያየው፦ ከረንት ሄዶ ይመለሳልና ርዝመቱ 240 ሜትር ነው፤ የመዳብ 0.0172 (አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 1 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ ኦም) በ240 ተባዝቶ ለ1.5 ሲካፈል 2.75 ኦም ይሰጣል። ጥፋቱ ከሞላ ጎደል የሽቦው ቅጥነት ነው፤ ምጣዱ ንጹሕ ነው። በዚያ ሽቦ ላይ 480 ዋት ገደማ በከንቱ ይሞቃል፣ እርሱም በጎረቤትዎ ቆጣሪ ይቆጠራል፤ ለጋገራ ከሚከፍሉት ከ100 ብር 17ቱ ሽቦ ማሞቂያ ነው ማለት ነው። ሽቦው ባለ 6 ቢሆን ምጣዱ ወደ 205 ቮልትና 3,050 ዋት ያገኝ ነበር።

ከዳንግላ፦ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በቅርባችን 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እያለው እንዲህ መሆኑ አይገርምም?

መልስ፦ ያንን ኃይል የሚያወጣው መስመር 400 ኪሎ ቮልት ነው፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ለዚያው ኃይል ከረንቱ ያንሳል፣ ብክነቱም በከረንቱ ካሬ ይቀንሳል። እናንተን የሚመለከታችሁ ከማመንጫው ያላችሁ ርቀት ሳይሆን ከትራንስፎርመሩና ከቆጣሪው ያለው ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ እንግዲያው የሞጣዋን ምጣድ ሬዚስታንሱን ብናሳጥርላት አይሻልም?

መልስ፦ ደግመው ደጋግመው ይጠይቁኛል! አንድ አሥረኛውን ቢቆርጡ ምጣዱ ወደ 2,465 ዋት ይደርሳል፣ በሽቦው ላይ የሚባክነውም ወደ 570 ያድጋል። ለምጣዱ 160 ዋት ሲጨምሩ 90 ለሽቦው ያቃጥላሉ፤ እርሱም ተጠማዝዞ በተቀጠለበት ቦታ ላይ ይብሳል።

ከሞጣ፦ ባለ 6 ሽቦ በሜትር ስንት ይሆናል?

መልስ፦ ነጋዴውን ይጠይቁ። ሽቦው ሲቀየር ቆጣሪው ዘንድ ያለው ብሬከር ይጥፋ፤ ከተቀየረ በኋላ ምጣዱ እየሠራ ይለኩና ቁጥሩን ይላኩልኝ።